ጫፉ የተቆረጠ መድኃኒት

አቶ ገብረዋህድ ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ሞተው ተገኙ። ከፊታቸው ግማሹ የተጠጣ የአቮካዶ ጁስ፣ ከብርጭቆው አጠገብ ክኒናቸው ወጥቶ ያለቀ ሁለት ባዶ የልብ መድኃኒት ስትሪፖች ነበሩ። ከበራቸው ውጭ፣ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ፣ «ክቡር ዳይሬክተር እንኳን ደስ ያለዎት!» የሚል ባነር ተዘርግቷል።

ኢንስፔክተር ከውሰር በሦስተኛው ቀን የላብራቶሪውን ውጤት ይዛ ስትመለስም ባነሩ ከቦታው አልተነቃነቀም።

«ሰው የሞተበት ፎቅ ላይ ይህን የሚያወርድ ጠፋ?»

«ክቡርነታቸው ሲገቡ ያዩታል ተብሎ ነው» አለች የሟቹ ጸሐፊ ጥሩዬ፣ አንገቷን ደፍታ።

ከውሰር ባነሩ ላይ የሚስቀውን ሰው ቀና ብላ አየችው። ፍሬአብ ይባላል። ድሮ ወሎ ሰፈር መድኃኒት ቤት የነበረው ፋርማሲስት ነው። ከስብሰባ ወደ ስብሰባ፣ ከአለቃ ወደ አለቃ እየተሸጋገረ፣ የጤና ፖሊሲ ከሚረቀቅበት ከዚህ የካዛንቺስ መሥሪያ ቤት ደረሰ፤ አሁን የመድኃኒት ፖሊሲ ዳይሬክተር ሊሆን ታጭቷል። ሹመቱን በሞቱበት ቀን ማግስት ያጸድቃሉ ተብለው ይጠበቁ የነበሩት የኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ ገብረዋህድ ነበሩ። ሠራተኛው ግን እስኪጸድቅ መች ታገሠ! በዋዜማው አዳራሹ ውስጥ ኬክ ተቆርሶ፣ ከአዲሱ ሹም ጋር ፎቶ ለመነሣት ሰው ሲጋፋ ዋለ። ሽማግሌው ከቢሯቸው አልወጡም። ጥሩዬ ወደ ማታ ቢሮ ልትዘጋ ስትገባ አገኘቻቸው።

መጀመሪያ ሁሉም «ራሳቸውን አጠፉ» አለ። ክኒኑ ተደቁሶ ጁሱ ውስጥ መጨመሩ ሲታወቅና የተደቆሰበት ዕቃ ከቢሮው ሲታጣ፣ ሁሉም ጣቱን ወደ ጥሩዬ ቀሰረ። መድኃኒቱ የሚቀመጠው በእሷ መሳቢያ ነበር። የከውሰር አለቃም እስከ ማታ ሌላ ሰው ካልተገኘ እንድትታሰር አዘዘ። ጥሩዬ ነፍሰ ጡር ናት።

«መሳቢያው ይቆለፋል?» ስትል ከውሰር ጠየቀቻት።

«አይቆለፍም። መድኃኒቱ እዚያ እንዳለም ሁሉም ያውቃል። ጁሱም ከአዳራሹ ነው፣ ለሰው ሁሉ የተቀዳ። እኔ ኬክ ሳድል ነበርኩ።»

ከውሰር በላስቲክ የታሸጉትን ባዶ ስትሪፖች አሳየቻት። የሁለቱም አንድ ጫፍ በመቀስ ተቆርጧል፤ ጊዜው የሚያልፍበት ቀን የሚታተምበት ጫፍ።

«እኔ ስገዛው ሙሉ ነበር» አለች ጥሩዬ ግራ ተጋብታ። «አዲስ መድኃኒት ነው፣ ባምቢስ ጋ ካለው መድኃኒት ቤት የገዛሁት። ጋሼ ገብረዋህድ ደግሞ ቀኑን ሳያነቡ አንዲት ፍሬ አይውጡም ነበር።»

ከውሰር ግንባሯን ይዛ ከቦርሳዋ የራስ ምታት ክኒን አወጣች። «መነጽሬን ረስቻለሁ። እስቲ ሁለት ፍሬ አውጪልኝ።»

ጥሩዬ በአውራ ጣቷ ገፍታ መዳፏ ላይ ጣለችላት።

ቀጥሎ ባለው ቢሮ ያገኘችው ማዕረግ የሚባል ዶክተር ነው፤ ለዚሁ ሹመት ሲወዳደር የወደቀው ሐኪም።

«ቦታው የእኔ ነበር፤ ክኒን ሻጭ ወሰደው። በቃ!» አለ። «ግን ልግደል ብል እሱን ትቼ ሽማግሌውን ምን አደርጋለሁ?»

«ሟቹ ስለ ሹመቱ የነገሩዎት ነገር አለ?»

«‹ነገ አልፈርምለትም› ብለውኛል። ምክንያቱን ስጠይቃቸው ‹ወሎ ሰፈር ሄጄ ነበር› ብቻ አሉኝ።»

«ይህን ለምን እስከ ዛሬ አልተናገሩም?»

ማዕረግ በመስኮት የፈረሰውን ሰፈር ማየት ጀመረ። «ማለቴ... ሰውየው አለቃዬ ሊሆን ነው እኮ።»

ለእሱም ራስ ምታቷን ነገረችው። ስትሪፑን ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ተጭኖ ሁለት ፍሬ አወጣና አንዷን መሬት ጣላት።

ፍሬአብ ባነሩ ላይ የሚታየውን ግራጫ ሱፍ እንደለበሰ ተቀበላት። ከድግሱ ቀን ወዲህ ቀይሮት አያውቅም ይባላል።

«ቶሎ በይ ኢንስፔክተር፣ ስብሰባ አለኝ። ለመሆኑ ጸሐፊዋን ለማሰር ምን ትጠብቃላችሁ?»

«እርስዎ ፋርማሲስት ስለሆኑ ነው የመጣሁት። ራሴን አሞኛል፤ መነጽርም የለኝም።»

«ኧረ እኔ ባንኮኒ ከለቀቅኩ ስንት ዘመኔ!» ብሎ ሳቀ። «ክኒን መቁጠር ረስቻለሁ። አሁን የምሠራው በሲስተም ደረጃ ነው፣ በፖሊሲ...» እያለ መቀሱን ከጠረጴዛው አነሣ፤ የስትሪፑን ጫፍ ሸርከት አድርጎ ቁራጩን ኮቱ ኪስ ከተተ፤ ሁለት ፍሬ አውጥቶ ሰጣት። ዓይኑ አንድ ጊዜ እንኳ ወደ እጁ አልሄደም።

ከውሰር አመስግናው ወጣች። ወሎ ሰፈር ሄዳ ሱሌማን ከሚባል የፍሬአብ የድሮ ሸሪክ ጋር ተነጋገረች። አመሻሽ ላይ ሦስቱንም አዳራሽ ሰበሰበቻቸው። በሩ ላይ ሁለት ፖሊሶች ሲቆሙ ጥሩዬ ሆዷን አቀፈች።

«የሟቹ መድኃኒት አዲስ ነው» ስትል ጀመረች ከውሰር። «የሚደበቅ ነገር የለውም። ታዲያ ቀኑን ማን ቆረጠው? ለምንስ? ዛሬ ሦስታችሁም ክኒን አውጥታችሁልኛል። ጥሩዬ በጣቷ ነው፤ ዶክተርም እንደ ሐኪም ወጉ፣ አንዷን ጥሎ።»

ማዕረግ ተኮሳተረ።

«መቀስ ያነሣው ፍሬአብ ብቻ ነው።»

«ፋርማሲስት ሁሉ በመቀስ ነው የሚሠራው!» አለ ፍሬአብ።

«ልክ ነው። ሐቀኛው ግን እየቆረጠ ሲሸጥ ቀኑ ያለበትን ጫፍ እስከ መጨረሻው ያቆየዋል፤ የቀረው መቼ እንደሚያልፍ ማወቅ አለበትና። አንተ መጀመሪያ የምትቆርጠው እሱን ነው።»

«አንተ» ሲባል ፍሬአብ ደነገጠ።

«ሱሌማን ሽርክናውን ለምን እንደተወ ነግሮኛል። ጊዜው ያለፈ መድኃኒት ስትሸጥ ገዢው እንዳያይ ቀኑን ትቆርጥ ነበር። ቁራጩንም ባንኮኒ ላይ አትተወውም፤ ኪስህ ነው የምትከተው። ይህንኑ ለአቶ ገብረዋህድም ነግሯቸዋል። ስለዚህ አይፈርሙልህም ነበር፤ ይህንንም ደርሰህበታል። አንተም ከጥሩዬ መሳቢያ ሁለት ስትሪፕ አንሥተህ ክኒኑን ደቆስክ፤ ጁሱን ‹እንታረቅ› ብለህ ይሁን ‹ጤናዎ› ብለህ አንተ ታውቃለህ፣ ወስደህ ሰጠሃቸው፤ ራሳቸውን ያጠፉ እንዲመስልም ባዶዎቹን ትተህ ወጣህ። እጅህ ግን የለመደውን ሠርቶ ነበር።»

«ይሄ ማስረጃ ነው?»

«አይደለም። ማስረጃው ያ ያላወለቅከው ሱፍ ነው። ኪስህን ገልብጥ።»

አልገለበጠም። ፖሊሱ ገለበጠለት። ሦስት ቁራጮች ወደቁ። አንዱ የከውሰር ራስ ምታት ክኒን ስትሪፕ ጫፍ ነው፤ በቀሩት ሁለቱ ላይ የታተመው የምርት መለያ ቁጥር ጥሩዬ መሳቢያ ውስጥ ከቀረው የልብ መድኃኒት ስትሪፕ ጋር አንድ ነበር።

«ስንት ዓመት የለፋሁበትን ሹመት...» አለ ፍሬአብ፣ ድምፁ እየሰለለ። «በአንድ ያረጀ ክኒን ምክንያት!»

«የሸጥክለት ሰው ምን እንደሆነ እንኳ አልጠየቅክም» አለች ከውሰር።

ፖሊሶቹ ይዘውት በባነሩ ሥር አለፉ። ማዕረግ ክራባቱን አስተካከለና ጠጋ አላት። «ኢንስፔክተር፣ ታዲያ ቦታው... አሁን ክፍት ነው ማለት ነው?»

ከውሰር ጀርባዋን ሰጠችው። ራሷን እውነትም ያማት ጀምሯል። አንድ ፍሬ እንድታወጣላት የቀረውን ክኒን ለጥሩዬ ዘረጋችላት። ጥሩዬ ተቀብላ አገላብጣ ፈለገች።

«ይሄ ቀን የለውም» ብላ ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ጣለችው። ከዚያም ወንበር ስባ የባነሩን ገመድ ልትፈታ ስትል፣ ከውሰር ቀድማት ወጣችበት።