አራተኛው ሳምቡሳ

የመምህር አለምነው አስከሬን የተገኘው ቅዳሜ ጠዋት፣ መካነ ሰላም ከተማ ውስጥ ከዩኒቨርሲቲው ጀርባ በር አጠገብ ባለችው የቆርቆሮ መጠለያ ነው። ሽማግሌው ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ምሰሶ ተደግፈው፣ አንገታቸውን ደፍተው ተቀምጠዋል። ለሚያያቸው የሚጸልዩ ይመስላሉ። ኢንስፔክተር ብርሀንነሽ ጋቢውን ስትገልጥ ግን ራሳቸው ከኋላ በድንጋይ ተመትቷል። ድንጋዩም ሩቅ አልሄደም፤ ነፋስ በሩን እንዳይዘጋው የሚደገፍበት ነው። ደም የነካው ጎኑ ወደ መሬት ተገልብጦ ቦታው ተመልሷል።

መጠለያዋ የሰፈሩ በጎ ፈቃደኞች ናት። ከሁለት ዓመት በፊት አንዲት ተማሪ ከበሩ ማዶ ባለው የባሕር ዛፍ ጫካ ውስጥ ከተደበደበች በኋላ መምህር አለምነው የጡረታ እረፍታቸውን ትተው ሰው አሰባሰቡ። ፈቃደኞቹ ብርቱካናማ ሰደርያ ለብሰው፣ ቁጥር ያለው ፊሽካ አንጠልጥለው፣ ሴት ተማሪዎችን አመሻሽ ላይ እስከ ተከራዩበት ቤት ይሸኛሉ። በረመዳን የማፍጠሪያውን ሰዓት ክርስቲያኖቹ ይይዛሉ፤ በክርስቲያኖቹ በዓል ደግሞ ሙስሊሞቹ ብድራቸውን ይመልሳሉ። ዘንድሮ ረመዳንና ሁዳዴ ስለገጠሙ ከፈቃደኞቹ አንዱ ከሆነው ከሙሐመድኑር ቤት ለመምህሩ የሚላከው ሳህን ሁልጊዜ የምስር ሳምቡሳ ነው። ይህን ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል።

ሳህኑ አጠገባቸው ነበር፤ ሦስት ሳምቡሳ አለበት። ብርሀንነሽ አንዱን ቆርሳ ውስጡን አየች። የተፈጨ ሥጋ ነው።

«በሁዳዴ? ያውም አርብ?» አለ ረዳቷ ኮንስታብል አራጋው።

«ለማንም እንዳትናገር» አለችው።

የሟቹ ፊሽካ፣ ቁጥር አንድ፣ አንገታቸው ላይ ነው። ኪሳቸው ውስጥ ግን ሌላ ፊሽካ ተገኘ፤ ቁጥር አራት ይላል። ብርሀንነሽ እሱንም ለማንም ሳታሳይ ኪሷ ከተተችው።

ውጭ የተሰበሰበው ሕዝብ ከፖሊስ ቀድሞ ፈርዶ ጨርሷል። ሳህኑን ያመጣው ሙሐመድኑር ነው፤ ሰኞ ዕለት መምህሩ ላይ ሲጮህ ሰው ሰምቷል። «አብልቶ ገደላቸው!» የሚል ድምፅ ተሰማ። ይህ ቃል እስከ ማታ ከቆየ አንድ ሰው ብቻ አይደለም የሚጠፋው፤ ሳህን ሲለዋወጥ የኖረ ሰፈር ለሁለት ይከፈላል።

መጀመሪያ ያነጋገረችው የመምህሩን ምክትል ደሳለውን ነው። ደሳለው ለተማሪዎች አሥራ ሁለት ክፍል የሚያከራይ፣ በሰፈሩ የተከበረ ሰው ነው።

«ትናንት ተራው የእናንተ ነበር?»

«የእኔና የመምህር። አርብ ቤተ መጻሕፍቱ ቀደም ብሎ ስለሚዘጋ አንድ ሰዓት ላይ ተራው ያልቃል። የመጨረሻዎቹን ልጆች ሸኝቼ ለአንድ ሩብ ጉዳይ ሲሆን ብመለስ፣ መምህር ሙሐመድኑር ያመጣላቸውን ሳምቡሳ ይበሉ ነበር። አንዱን እፊቴ ጨረሱት። ‹ምስሩ ዛሬ ቃሪያ በዝቶበታል› ብለውኝ ሳቅን። ከዚያ እድር ስብሰባ ሄድኩ። እስከ ሦስት ሰዓት እዚያው ነበርኩ፤ አርባ ሰው ይመሰክራል።»

«ሌላ ነገር አላወራችሁም?»

«ምንም።»

«ፊሽካዎ የት አለ?»

«ቤት ነው።»

«ሙሐመድኑር ይሆናል ይላሉ?»

«እኔ በሰው ላይ አልናገርም» አለ ደሳለው፤ እንዲህ የሚሉ ሁሉ እንደሚያደርጉት ግን ወዲያው ተናገረ። «ዓረብ አገር የቆየ ሰው ልቡ ደረቅ ነው። ሰኞ የሆነውን ሁሉም አይቷል።»

ሙሐመድኑር ከሳዑዲ ከተመለሰ ሁለት ዓመቱ ነው። ፖሊስ ጣቢያው አግዳሚ ላይ እጁን ጭኖቹ መካከል ቀብሮ ተቀምጧል።

«በተምር አፍጥሬ ሳህኑን ይዤላቸው ሄድኩ» አለ። «ሰላም ብላቸው ዝም አሉ። ዱዓ ላይ ናቸው ብዬ አጠገባቸው በቀስታ አስቀምጬ ተመለስኩ። ወላሂ ሌላ የማውቀው የለም።»

«ስንት ሳምቡሳ ነበር?»

«አራት።»

«ምን ያለበት?»

ሙሐመድኑር አንገቱን ደፋ። «ሌሊቱን እንቅልፍ የነሳኝ እሱ ነው። ሰግጄ ቤት ገብቼ ብገምጥ ምስር ሆነብኝ። እናቴ ዓይኗ ደክሟል፤ ሳህኑን አለዋውጣዋለች። ተመልሼ ልሩጥ ብል አንድ ሰዓት አልፏል፤ ወደ ቤታቸው ገብተዋል ብዬ ተውኩት። ነገ አውፍ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ እላቸዋለሁ ብዬ ነበር።»

«ሰኞ ለምን ተጣላችሁ?»

«አንዲት ተማሪ ‹ሰደርያ የለበሰ ሰው በጨለማ ያዘኝ› ብላ ነገረቻቸው። ፊቱን አላየችም። መምህር ‹አንተ ነህ ወይ?› አሉኝ። ያላገባሁ፣ ከስደት የመጣሁ እኔ ብቻ ነኛ! ጮህኩባቸው። ሐሙስ ዕለት ግን ቤቴ ድረስ መጥተው ይቅርታ ጠየቁኝ።»

ሐሙስ ይቅርታ ከጠየቁ፣ እስከዚያ ድረስ ሌላ ነገር አውቀዋል ማለት ነው። ብርሀንነሽ የሴት ተማሪዎቹን ተወካይ ፈይዛን አስጠራች። ፈይዛ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ናት፤ ጠዋት አስከሬኑን ያገኘችውም እሷ ነች።

«ረቡዕ ልጅቷ ሰውየውን በድምፁ ለየችው» አለች ፈይዛ። «ለመምህር ነገርኳቸው።» ስሙንም ወደ ኢንስፔክተሯ ጠጋ ብላ በጆሮዋ ነገረቻት።

«ለምን ወደ እኛ አልመጣችሁም?»

«እንሂድ ብያቸው ነበር። ‹እስከ አርብ ታገሺኝ፤ ሰደርያና ፊሽካውን በገዛ እጁ አስረክቦኝ በጸጥታ ይውጣ። የማኅበሩ ስም ከጠፋ ልጆቹን ማን ይሸኛቸዋል?› አሉኝ።» ዓይኖቿ በእንባ ሞሉ። «ታገስኳቸው።»

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ብርሀንነሽ ሁሉንም መጠለያዋ ፊት ሰበሰበቻቸው። ፈይዛ ከተማሪዎቹ ጋር ቆማለች፤ ሙሐመድኑር በሁለት ፖሊሶች መካከል ነው፤ ደሳለው ጋቢውን አስተካክሎ ከፊት ቆሟል። የሰፈሩ ሰው ከኋላ ይጋፋል።

«ትናንት እዚህ አራት ሳምቡሳ መጣ፤ ጠዋት ሦስት አገኘሁ» አለች። «አቶ ደሳለው አንዱን መምህር እንደበሉት፣ ምስሩ ቃሪያ እንደበዛበትም እንደነገሯቸው ገልጸውልኛል። እንደዚያ ነው አይደል?»

«በትክክል» አለ ደሳለው።

«ሳምቡሳው ምስር አልነበረበትም። ሳህን ተለዋውጦ የመጣው የሥጋ ነው።»

ሰው ሁሉ ወደ ደሳለው ዞረ። «መሽቶ ነበር… ምን እንደሆነ ልብ አላልኩም።»

«እርስዎ ልብ ባይሉ የበሉት ሰውዬ ልብ ይላሉ። ሁዳዴን አፍርሰው የማያውቁ ሽማግሌ ሥጋ ጨርሰው ‹ምስሩ› አሉ? ይህን ሊፈጥር የሚችለው ሳምቡሳውን ሳይቆርስ የወሰደ፣ ከዚያ ቤት ሁልጊዜ ምስር እንደሚመጣ የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው። አራጋው፣ አሳያቸው።»

አራጋው ወረቀት ፈታ። ከመጠለያው ጀርባ ካለው ቦይ፣ ከባሕር ዛፍ ቅጠል ሥር የተገኘ ሙሉ ሳምቡሳ ነው። ጉንዳን ወርሮታል እንጂ ጥርስ አልነካውም።

«አራተኛው ይኸው» አለች። «መምህር ሳህኑ ሲመጣ ሞተው ነበር። ሙሐመድኑር ሰላም ያለው አስከሬን ነው፤ ለዚህ ነው ያልመለሱለት። ገዳዩ ጋቢውን አከናንቧቸው ገና ሳይርቅ ሳህኑ መጣለት። አንዱን ቢያነሳ በልተዋል ይባላል፤ በልተዋል ከተባለ በሕይወት ነበሩ ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ እሱ አርባ ሰው መካከል ነው። ጥፋቱ ሳህኑን ባመጣው ላይ ይወድቃል።»

«ምን አደረጉኝና እገድላቸዋለሁ?» አለ ደሳለው፤ ድምፁ ቀጥኗል።

ብርሀንነሽ ፊሽካውን ከኪሷ አወጣች። «ቁጥር አራት። በማኅበሩ መዝገብ የእርስዎ ነው። ቤት ነው ያሉኝ ፊሽካ በሟቹ ኪስ ምን ይሠራል? ትናንት አስረከቧቸው። የተቀበሉዎትም ለምን እንደሆነ እኔም አውቃለሁ፣ ፈይዛም ታውቃለች፣ በጨለማ የያዟት ተከራይዎም ታውቃለች።»

ከተማሪዎቹ መካከል አንዷ ፊቷን በሻርፗ ሸፈነች። ደሳለው እሷን አየ፣ ከዚያ ሕዝቡን አየ።

«በጸጥታ ውጣ አሉኝ» አለ። «ወጥቼ ግን ምን ብዬ ልኑር? ለምን ተውክ ብሎ ሰው ይጠይቀኛል።» ካቴናው እጁ ላይ ሲገባ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ለሰፈሩ ስም ሲሉ፣ ኢንስፔክተር፣ በጓሮ መንገድ ውሰዱኝ።»

«መምህርም ለስም ብለው ነው እስከ አርብ ጊዜ የሰጡዎት» አለች ብርሀንነሽ፤ ንዴቷ ለሞተውም ጭምር ነበር። «በገበያው መሀል እንሄዳለን።»

ጠዋት «አብልቶ ገደላቸው» ያለው ሰው አሁን ሙሐመድኑርን ትከሻውን መታ መታ አድርጎ «አብሽር፣ አይዞህ» አለው። ሙሐመድኑር እጁን ከትከሻው ላይ አንስቶ ሄደ።

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ጾሙን እንደያዘ፣ ወደ መጠለያዋ ተመለሰ። ከባለተራዎቹ አንድም አልመጣም። የመምህሩን ሰደርያ ከሚስማሩ አውርዶ ለበሰና በሩ ላይ ቆመ። ሰባት ተማሪዎች መጽሐፋቸውን አቅፈው ከግቢው ወጡ፤ ብርቱካናማውን ሲያዩ ቆሙ።

ፈይዛ ብቻዋን ጠጋ አለች።

«ሙሐመድኑር፣ አውፍ በለን። የፈራነው አንተን አይደለም፤ የለበስከውን ነው።»

ሙሐመድኑር ሰደርያውን አወለቀ። አጣጥፎም ትናንት ሳህኑን ያኖረበት ቦታ ላይ አስቀመጠው። ልጆቹ እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ ብቻቸውን፣ ወደ ባሕር ዛፉ ገቡ።