የይሻው ሱፍ

ይህ የሆነ ነገር ነው። ሌሊት ቢሆን ኖሮ እንቅልፍ አሳስቶኝ ነው ብዬ በተውኩት ነበር። ግን ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነው። ደብረ ታቦር፣ ነሐሴ ላይ፣ የራሴ ፎቶ ቤት ውስጥ።

ውጭ ጉም ነበር። መብራት አልጠፋም።

ሥራዬን ላስረዳችሁ። ገበሬ ሲሞት አብዛኛውን ጊዜ ከቀበሌ መታወቂያው ሌላ ፎቶ የለውም። ቤተሰቡ መታወቂያውን ያመጣል። እኔ በስካነር አንስቼ ፊቱን ቆርጬ ኮምፒውተሬ ውስጥ ካለ ሰማያዊ ሱፍ ላይ እገጥመውና አሳድጌ አትመዋለሁ። ሱፉ አንድ ነው። የአገሩ ሟች ግማሹ በዚያው ሱፍ ተለቅሶለታል።

የዚያን ቀን ጠዋት የኮምፒውተሩ አምራች የላካቸውን አፕዴቶች ጭኜ ነበር።

ትርንጎ የመጣችው ከገሳይ ነው። ጥቁር ለብሳለች። ባሏን ይሻውን ደራሽ ውሃ ወስዶታል። ሬሳው አልተገኘም። ለቅሶው ነገ ነው፤ ሬሳ ከሌለ ደግሞ የሚለቀሰው ፎቶው ተይዞ ነው።

«መኪና ሳያመልጠኝ አድርስልኝ፣ ወንድሜ» አለችኝ።

ፊቱን ሱፉ ላይ ገጠምኩት። ኮምፒውተሩ ቀጥ አለ...

ብዙ ቆይቶ ተንቀሳቀሰ። እንደምንም ፎቶውን አስቀመጥኩ።

«ይሄ ማሽንህ ከኛ በሬ ይብሳል» አለች። «እሱስ ሲገርፉት ይነሳል።»

«አፕዴቱ ነው፣ እታለም። አሁን ይስተካከላል።»

በተራ በተራ ፈተሽኩ። ማራገቢያው ይሠራል። ዲስኩ ባዶ ቦታ አለው። ኢንተርኔቱን ነቀልኩ። የሠርግ ፎቶ ከፈትኩ... ወዲያው ተከፈተ። የክርስትና ፎቶ ከፈትኩ... ወዲያው።

የሚጎተተው የይሻው ብቻ ነው።

መጨረሻ የጫንኩትን አፕዴት አጥፍቼ ኮምፒውተሩን እንደገና አስነሳሁት።

ፎቶው ሲመጣ ሱፉ ከታች፣ ቁልፉ አካባቢ፣ ጠቁሯል።

ስክሪኑ ነው አልኩ። ቀለሙን በፕሮግራሙ ለካሁት። ስክሪኑ አይደለም።

ሌላውን አፕዴት አጠፋሁ። አስነሳሁ።

ጥቁረቱ ደረት ኪሱ ላይ ደርሷል።

ትርንጎ ወንበሯን አስጠጋች።

«ረጥቧል» አለች በሹክሹክታ።

«ጥላ ነው።»

«ጥላ ይንጠባጠባል?»

አየሁት። ከቁልፉ ሥር ጠብታ ተንጠልጥሏል።

አልፈራሁም። ለምን እንዳልፈራሁ አላውቅም። ሥራዬን ቀጠልኩ፤ ሌላ አጠፋሁ፤ አስነሳሁ።

ውሃው አንገቱ ጋ ነው። ክራባቱ ወደ ላይ ይንሳፈፋል።

አንድ አፕዴት ቀርቷል። ምናልባት ጥፋቱ የእሱ ነው። እሱን ላጠፋ ስል ትርንጎ ክንዴን ያዘችኝ።

«ተው... አሁን ብታጠፋው አፉ ጋ ይደርሳል።»

«ካላስተካከልኩት አያምርም።»

«ይመርልኝ ያለህ ማነው? ነገ አገር ሁሉ ባዶ እጄን ሊያየኝ ነው። እንዲሁ አትምልኝ።»

እንዲታተም አዘዝኩ። ፕሪንተሩም ተጎተተ። ወረቀቱ ከጸጉሩ ጀምሮ ቀስ እያለ ወጣ... ግንባሩ... ቅንድቡ...

ትርንጎ መታወቂያውን አንስታ ከወረቀቱ ጎን ያዘችው።

መታወቂያው ላይ ዓይኑ ክፍት ነው። ስክሪኑ ላይም ክፍት ነው።

ወረቀቱ ላይ ተከድኗል።

በሁለቱም የዓይኑ ቆቦች ላይ የእርጥብ ጣት ምልክት አለ። የእኔ እጅ ደረቅ ነው። የእሷም።

አላለቀሰችም። ወረቀቱን ብዙ አየችው። ከዚያ ቀና ሳትል፣ ዝግ ብላ፦

«ማን ከደነለት?»