የጠፋው ሲምባል

ባስልዮስ በደረቱ ተኝቶ፣ ጭንቅላቱን በግድግዳውና በስፒከሩ መሀል ወትፎ፣ ሁለተኛዋን የናስ ቁራጭ በጣቱ ይፈታል። አባቱ ጀማነህ ከጋሼ ግርማቸው ጋር ከቤቱ ጋር በተያያዘው ጋራዥ ውስጥ ናቸው። አዲሱን አምፕሊፋየር ከመኪና እያወረዱ ነው። አምፑ አንድ የፋሲካ ሙክት ስለሚያክል ቶሎ አይደርሱም።

ስፒከሮቹ ቁመታቸው ከባስልዮስ እኩል ነው፤ ባስልዮስ ደግሞ በአስራ አራት ዓመቱ አጭር የሚባል ልጅ አይደለም። በእያንዳንዱ ሣጥን ውስጥ ከታች ወፍራሙን ድምፅ የሚያጓራ ትልቅ ስፒከር አለ፤ ከላይ ቀጭኑን የምታወጣ የካፖርት ቁልፍ የምታክል ትንሽዬ አለች። ሁለቱን ከጀርባ የምታገናኛቸው ይህች የናስ ቁራጭ ናት። እሷ ከወጣች የላይኛዋ ድዳ ትሆናለች፤ ዘፋኙም ጋቢ ተከናንቦ እንደሚያወራ በሽተኛ ይሆናል።

የማሞኛ ፕራንኩ ቀላል ነው። አባቱ ሸክላውን ያስቀምጣል፣ ይደነግጣል፣ አዲሱን አምፕ ይረግማል። አምፑን የሸጡለት ጋሼ ግርማቸው በላብ ይጠመቃሉ። ያን ጊዜ ባስልዮስ ናሶቹን እንደ አስማተኛ ከኪሱ ያወጣል።

ባለፈው ወር «የስፒከር ገመድ ፍሪጅ ውስጥ ሲያድር ድምፁ ይጠራል፤ ሰርጓጅ መርከብ ላይ እንደዚያ ነው የሚያደርጉት» ብሎ አባቱን አሳምኖት ነበር። ገመዱ ከድልሁ ጎን ተኝቶ ከረመ። ጀማነህ አውጥቶ ሲሰካው «ይኸው! ልዩነቱ አይሰማህም?» አለ። ባስልዮስ ሳቁን ለመዋጥ ትራስ ነከሰ።

እንዲያውም ጀማነህ ዕቃ መቀየር ከጀመረ ሰንብቷል። መጀመሪያ የሸክላ ማጫወቻውን መርፌ ቀየረ። ቀጥሎ ማጫወቻውን ራሱን። ከዚያ ስፒከሮቹን። አዲስ ነገር በገባ ቁጥር አንድ ሳምንት ይደሰትና «ደበዘዘብኝ» ይላል። ውጭ አገር፣ ኢስትሙር የሚባል ሰፈር ያለው ቤታቸው ሳሎኑ ጠቦ ጠቦ፣ እንግዳ ሲመጣ አንዱ ሲቀመጥ አንዱ ይቆማል። የባስልዮስ እናት እፀገነት «አባትህ ሁለተኛ ሚስት አግብቷል፤ እኔ ብቻ ነኝ አቧራዋን የምጠርገው» እያለች ቅዳሜና እሁድ አረጋውያን መንከባከቢያ ወዳለው የሥራ ፈረቃዋ ትወጣለች።

ሁለቱ ሰዎች እያለከለኩ ገቡ። ጋሼ ግርማቸው ሞርስ ሮድ ላይ የኤሌክትሮኒክስ ጥገና ሱቅ ያላቸው፣ ዝምታ የሚያበዙ ሰው ናቸው። ገመዱን ሰካኩ፤ ጀማነህ የሚወደውን አሮጌ ሸክላ በሁለት እጁ እንደ ሕፃን ይዞ አስቀመጠ።

ዘፈኑ ጀመረ። ባስልዮስ ከንፈሩን ነክሶ ጠበቀ። በእርግጥም ሙዚቃው ጉድጓድ ውስጥ የወደቀ ይመስላል። ከከበሮው አጠገብ የሚንጫረረው ሰሃን፣ ሲምባሉ፣ ድራሹ የለም።

ጀማነህ ዓይኑን ጨፈነ። ፊቱ በራ።

«በቃ! ስሙት ሲምባሉን። ቆርቆሮ ላይ ዝናብ ሲወርድ አይመስልም? ግርምሽ፣ ይሄ ነገር ሙት ያስነሳል።»

«አዎ... ጥሩ ነው» አሉ ጋሼ ግርማቸው፣ ምንጣፉን እያዩ።

ባስልዮስ ሊስቅ አፉን ከፍቶ ነበር። መልሶ ዘጋው፤ አባቱ እየቀለደ አይደለም።

ጀማነህ ድምፁን ከፍ አደረገና በሙዚቃው ላይ እየጮኸ ወሬውን ቀጠለ። የሚሠራው ኤርፖርት ነው፤ ሻንጣ አውሮፕላን ላይ ይጭናል። «ትናንት ለጥቂት ተረፍኩ እባክህ! ሻንጣ ጎታቹ መኪና ወደኋላ ሲመጣ እንደ ድመት ነው፣ ኮሽ አይልም። ድሮ ጢጥ ጢጥ ይል ነበር፤ አሁን አጥፍተውታል መሰለኝ። ያቺ ሱማሌዋ ሀዋ ጃኬቴን ይዛ ባትጎትተኝ ኖሮ ይሄኔ እንደ ሻንጣ የስም ታግ ተለጥፎብኝ ሬሳ ቤት ነበርኩ።» ሳቀና ሻይ ሊያፈላ ወደ ኪችን ሄደ።

ባስልዮስ ናሶቹን ከኪሱ አውጥቶ ለጋሼ ግርማቸው አሳየ።

«አውቄያለሁ» አሉ ቀስ ብለው። «ገና ሲከፈት።»

«እሱ ግን አልሰማም።»

«አይሰማም። የድሮ ስፒከሩን ደበዘዘ ብሎ ሲያመጣልኝ ደህና ነበር። የአውሮፕላኑ ጩኸት ነው ጆሮውን የበላው።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩትም?»

«ለትልቅ ሰው፣ ለዚያውም ለጓደኛህ፣ ጆሮህ ሄዷል ይባላል? ይሉኝታ የሚባል ነገር አለ። መሥሪያ ቤቱ ጆሮውን ሲመረምረው የመርማሪዋን ሴትዮ እጅ እያየ ነው «ድምፅ ስትሰማ ተጫን» ያሉትን ቁልፍ የሚጫነው። ሲነግረኝም ማሽናቸው ተበላሽቷል እያለ ይስቃል። ካወቁበት ያስወጡታል፣ ባሲ። ሥራው ከሄደ ይሄ ቤት...»

«መኪናው ቢገጨውስ?»

ጋሼ ግርማቸው እጃቸውን ዘረጉ። «አምጣ፤ ቦታቸው ልመልሳቸው። ምንም እንዳልተፈጠረ ይቆጠር።»

ባስልዮስ ሰጣቸው። ጋሼ ግርማቸው ጎንበስ ብለው ናሶቹን አሰሩ። ሲምባሉ ተመልሶ መጣና ሳሎኑን ሞላው፤ እንደ መርፌ ጆሮ ይወጋል። ጀማነህ በትሪ ሻይ ይዞ ገባ። ፊቱ ላይ ምንም ነገር አልተለወጠም።

«እንግዲህ ግርምሽ ዛሬውኑ መልስ ይፈልጋል» አለ እየተቀመጠ። «አምፑ እዚሁ ይቅር ወይስ ወደ ሱቁ ይመለስ? ባሲ፣ አንተ ጆሮህ ወጣት ነው፣ አንተ ፍረድ።»

«ፐርፌክት» ማለት ይችል ነበር። አንድ ቃል ናት። አባቱ ይደሰታል፣ ጋሼ ግርማቸውም ሻያቸውን ጠጥተው ይሄዳሉ። ሰኞ ጠዋት ጀማነህ ቢጫ ጃኬቱን ለብሶ፣ ጀርባውን ለጎታቾቹ ሰጥቶ ይቆማል። ሀዋ ደግሞ ሁልጊዜ አጠገቡ አትኖርም።

«አባ» አለ ባስልዮስ። «ችግሩ ዕቃው አይደለም።»

«ምን አልክ?»

ጋሼ ግርማቸው የሻይ ብርጭቋቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

ባስልዮስ ተነሥቶ ሸክላውን አቆመ። ምንጣፉ ላይ፣ አባቱ አፉን ሊያይ በሚችልበት ቦታ ተቀመጠ። የአባቱ ዓይን ከንፈሩ ላይ እስኪያርፍ ጠበቀ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ ቃሉን አንድ በአንድ እየለየ ደገመለት፦ «ችግሩ ዕቃው አይደለም፤ ጆሮህ ነው።»