የሟቹ ኮከቦች

ለመላው የሰው ልጅ በታላቅ ትሕትና ይነገራል፦ «ደጃፍ» የተሰኘው የኢንተርኔት ብሮውዘር አራተኛ እትም ዛሬ ረፋድ ላይ ወጥቷል። በዚህ ታሪካዊ እትም ገጽ የሚዘጋባት ኤክስ፣ ዕድሜዋን ሙሉ ከኖረችበት የቀኝ ማዕዘን ተነሥታ ወደ ግራ ማዕዘን ተዛውራለች። ግራ የነበረችው የገጽ ማስቀመጫ ኮከብ ደግሞ የኤክስን ወንበር በቀኝ በኩል ተረክባለች። ርክክቡ በሰላም ተፈጽሟል።

የሰው ልጅ አብዛኛው ዜናውን አልሰማም። የሰማው ግን ሠሪዎቹን አልማራቸውም። «ደጃፍ» ኮዱ ለማንም ክፍት ስለሆነ ማንም አንብቦ ያርመዋል፣ ማንም በነጻ ይወስደዋል፣ ማንም በነጻ ይሰድበዋል። ገና ከመውጣቱ የተጠቃሚ አስተያየት እንደ ጎርፍ ወረደ። «እጄ ወደ ቀኝ ይሄዳል፤ ኤክሷ የለችም» ይላል አንዱ። «ገጽ ልዘጋ ብዬ ኮከብ ሰብሳቢ ሆኜ ዋልኩ» ይላል ሌላው። «ባለማኅተሙ ሆይ፣ እባክህ ወደ ቦታዋ መልስልን» ትላለች ሦስተኛዋ።

ባለማኅተሙ መልስ አልሰጣትም። በዚያን ሰዓት ከቢሮው ሕንጻ ጀርባ፣ ባዶ በርሜል በተደረደረበት ግቢ፣ ፊቱን ሲሚንቶው ላይ ደፍቶ ተኝቶ ነበር።

ባለማኅተሙ የአራት ሰዎች ቡድን መሪ ነው። እሱ የኤሌክትሮኒክ ማኅተሙን ካላሳረፈበት አንድም እትም ከቤት አይወጣም፤ ቅጽል ስሙም ከዚያ መጣ። የፖሊስ መርማሪዋ ስትደርስ «ሊፍቱ ለጊዜው አይሠራም» የሚለው ወረቀት በእርጅና ቢጫ ሆኖ ተቀበላት። አራቱን ፎቅ በሚያማት ጉልበቷ ወጣች፤ ላይ ስትደርስ ጉዳዩ ያለሷ አልቆ ጠበቃት። ሠራተኞቹ ስልክ የሚያወሩበት ጠባብ በረንዳ ላይ የሰውየው መነጽር ወድቋል። የቡድኑ ማስታወቂያ በሚወጣበት ገጽ ላይ ደግሞ በእሱ ስም እንዲህ ተጽፏል፦ «ስሕተቱ የእኔ ነው። ሁላችሁም ይቅር በሉኝ። ቤት ያለሽው፣ አትጠብቂኝ።»

«ራሱን ነው የጣለው» አሉ ቀድመው የደረሱት ፖሊሶች። አንዱ «ሰው ለኤክስ ይሞታል እንዴ?» ብሎ ሊቀልድ ሞከረ፤ የሳቀለት አልነበረም።

ከቀብሩ ማግስት የሟቹ ባለቤት መርማሪዋ ቢሮ መጣች። የሕፃናት መምህርት ናት፤ ድምፅዋ እንቅልፍ እንዳጣ ሰው ድምፅ ሻክሯል።

«እትዬ፣ አብዳለች ብለው እንዳይመልሱኝ።»

«እብድ ቀጠሮ አክብሮ አይመጣም። ተቀመጪ።»

«ባሌ ከሞተ በኋላ ኮከብ ያደርጋል።»

መርማሪዋ ብዕሯን አስቀመጠች። «ረጋ ብለሽ ንገሪኝ።»

«ቢሮ ሆኖ ያስደሰተውን ገጽ ኮከብ ሲያደርግበት፣ ገጹ ቤት ባለው ኮምፒውተራችን ላይ ይወጣል። እኔ እንዳነበው ነው። ስለ አታክልት፣ ስለ ጥርስ ሕመም፣ ምኑ ቅጡ። እንደዚያ ነበር ቀኑን ሙሉ የምናወራው። ትናንት ከቀብር መልስ ስከፍተው ያ የስንብት ጽሑፍ ተቀምጧል። ያውም አምስት ጊዜ ደጋግሞ፣ አንዱ በአንዱ ላይ። በር እንደሚያንኳኳ ሰው።» ነጠላዋን ወደ አፏ አስጠጋች። «እትዬ፣ እሱ ሳይመጣ እራት በልቼ አላውቅም። ጥሎኝ ከሄደ ልወቀውና ልብላ። ካልሄደም ልወቀው።»

«ዛሬ ቤትሽ ሁኚ» አለቻት መርማሪዋ። «ስክሪኑ ፊት ተቀመጪ። አዲስ ኮከብ ካየሽ ደውዪልኝ። አትፍሪ።»

የቡድኑ ክፍል እንደ መቃብር ቤት ጸጥ ብሏል። የሟቹ ኮምፒውተር እንደበራ ነው። ከስሙ አጠገብ ያለችው አረንጓዴ ነጥብ «አለ» ትላለች፤ ሊያጠፋት የደፈረ የለም። አስተያየቱም አልቆመም። የሞቱን ወሬ ያልሰሙ ሰዎች ከየአገሩ ይለምኑታል፣ ይቆጡታል፣ «ለምን ዝም አልክ?» ይሉታል። መርማሪዋ በጓንት ማውዙን ነቅላ፣ ፖሊስ ከወሰደው የሠራተኞቹ አሻራ ጋር ወደ ላብራቶሪ ላከችና ሌላ ሰካችበት። ከዚያ ሦስቱን ባልደረቦች አንድ በአንድ አስጠራች። ዘበኛው ያን ቀን ከነሱ በቀር ወደ ፎቁ የወጣ እንደሌለ ምሎ ነግሯታል።

መጀመሪያ የሟቹ ታናሽ ወንድም ገባ። ኮዱን አብሮ የሚጽፈው እሱ ነው።

«ያን ሰዓት የት ነበርክ?»

«ሶፋው ላይ ተኝቼ። ጆሮዬ ላይ ሙዚቃ ነበር። ወንድሜ ሲሞት ሙዚቃ እየሰማሁ ነበር።» ይህን ሲል ከሟቹ ወንበር ላይ ዓይኑን አላነሣም።

«ይሄ ማሽን ላይ ያለው አዲሱ እትም ነው?»

«አሮጌው ነው። ደንባችን ነው፤ አዲስ ሲወጣ ባለማኅተሙ ሳምንቱን ሙሉ አሮጌው ላይ ይቆያል። ቤቱ ሲቃጠል ሁሉም ሰው ውስጥ ከሆነ ውሃ የሚያቀብል አይገኝም ይል ነበር። አዲሱን በእጁ ነክቶት አያውቅም።»

«እስቲ እዚህ ተቀመጥ። አንድ አስተያየት አንብብልኝና ገጹን ዝጋው።»

ወጣቱ እያመነታ ተቀመጠ፣ አነበበ፤ ማውዙን ሳይነካ ከኪቦርዱ ሁለት ቁልፍ ተጫነና ገጹ ጠፋ።

«ማውዝ አትነካም?»

«ማውዝ ለእንግዳ ነው።»

ቀጥላ ሠዓሊዋ ገባች። ሠዓሊ የሚሏት የብሮውዘሩን መልክ፣ ቁልፎቹንና ቀለማቱን የምትሠራው እሷ ስለሆነች ነው። ያን ሰዓት ለምረቃው ለስላሳ ልትገዛ ታች ወርዳ ነበር።

«ኤክሷን ያዛወርሻት አንቺ ነሽ?»

«በክፉ የሚነሣው የኔ ስም ነው፤ ሥራው ግን የነሱ ነው። ፈታሹና ወንድምየው ግራ አሉ፣ እኔ ቀኝ አልኩ። ሁለት ለአንድ። ባለማኅተሙ እንደ ሽማግሌ መሐል ቆመ።» ከንፈሯን ነከሰች። «ምን እደብቅዎታለሁ፤ በኔ ማሽን ላይ እስከ ዛሬ በቀኝ ናት። ለራሴ አስቀርቻታለሁ።»

እሷም ተቀመጠች፣ አነበበች። እጇ ሳያመነታ ቀኝ ማዕዘን ሄዶ ገጹን ዘጋው።

ሦስተኛው ፈታሹ ነበር። እትም ከመውጣቱ በፊት ስሕተት እያደነ የሚይዘው እሱ ነው። ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ንግግሩ የተለካ፣ ሳይጠየቅ ጠረጴዛውን በመሐረብ የሚወለውል ሰው ነው።

«መጸዳጃ ቤት ነበርኩ» አለ። «የዘበኛውን ጩኸት ሰምቼ ነው የወጣሁት። ጽሑፉን ያየሁት ከሁሉም በኋላ ነው።»

«ያን ቀን ይሄን ማሽን ነክተኸዋል?»

«በፍጹም። የሰው ዕቃ አልነካም።»

«አዲሱን እትም መጠቀም የጀመርከው መቼ ነው?»

«ክረምቱ ሳይገባ። ፈታሽ ከሁሉም ቀድሞ ይገባል እትዬ፤ የወጥ ቀማሽ ማለት ነው።»

«እስቲ አንዱን አንብብልኝና ዝጋው።»

አነበበ፦ «ባለማኅተሙ ሆይ፣ ተኝተሃል ወይ?» ድምፁ አልተንቀጠቀጠም። እጁ ግን ቀስቱን ወደ ግራ ማዕዘን ወሰደው። ኮከቧ ቢጫ ብልጭ አለች። ገጹ አልተዘጋም። እንደገና ነካ። እንደገና ቢጫ። ከዚያ ቆም ብሎ «አሮጌው ነው ለካ» አለና ወደ ቀኝ ሄዶ ዘጋው።

የመርማሪዋ ስልክ ጮኸ።

«እትዬ» አለች ሚስቲቱ፤ ትንፋሽ አጥሯታል። «አሁን አደረገ። ሁለት። አጠገቤ ያለ ነው የሚመስለኝ።»

«እሱ አይደለም እህቴ። ታክሲ ያዢና ነይ።»

ሚስቲቱ እስክትደርስ መርማሪዋ ወንድምየውን ኮሪደር ላይ አቆመችው። «ወንድምህ ስሕተት የሚለው ነገር ቢኖር ምን ሊሆን ይችላል? ኤክሷን ተዋት።» ወጣቱ ወደ አስተያየቶቹ ተመለሰና ወደ ታች፣ ወደ መጀመሪያዎቹ ወረደ። በኤክስ ልቅሶ መሐል የተቀበረች አንዲት መልእክት አገኘ። አንብቧት ሲያበቃ በራሱ ማሽን ላይ ሞከረው። ፊቱ አመድ መሰለ።

ሁሉም በክፍሉ ተሰበሰቡ። ሚስቲቱ በሩ አጠገብ ቆመች፤ «ተቀመጪ» ቢሏትም አልተቀመጠችም።

«ከኮከቡ እንጀምር» አለች መርማሪዋ። «በአሮጌው እትም ኤክስ በቀኝ ናት፣ ኮከብ በግራ። ሟቹ አሮጌውን ነበር የሚጠቀመው። ለዓመታት ቀኙን ነክቶ የዘጋ ሰው የመጨረሻ ጽሑፉን ሊዘጋ ሲል አምስቴ ግራውን አይነካም። ራሱን ሊጥል የተነሣ ሰውም ገጽ ለመዝጋት ሲታገል አይቆይም። ስለዚህ ያን ጽሑፍ የጻፈው ሌላ ሰው ነው። ከዚያ ዕቃውን እንደነበረ ሊተው ፈለገ፤ ደጋግሞ ነካው፤ በቸኮለ ቁጥር ኮከብ አደረገ። ኮከቦቹም ቤት ገቡ።»

«ማንም ቢሆን ሊሳሳት ይችላል» አለ ፈታሹ።

«ማንም አይደለም። እነዚህን የመጀመሪያ ቀን አስተያየቶች አንብቡ፤ ሰዉ ሁሉ እጄ ቀኝ ይሄዳል ብሎ ነው የሚያለቅሰው። እጅ በአንድ ረፋድ አይማርም። ግራን የለመደ እጅ ወራት የቆየበት ሰው ነው። ሠዓሊዋ በራሷ ማሽን ላይ ቀኝ አስቀርታለች፤ እጇን አይቻለሁ። ወንድምየው ማውዝ አይነካም። አንተ ግን ዛሬም እዚሁ ወንበር ላይ ሁለቴ ኮከብ አደረግህ፤ የደወለችልኝ እሷ ናት።»

ፈታሹ መሐረቡን አጣጠፈ። «እጅ ወደ ግራ ሄደ ተብሎ ሰው ይከሰሳል?»

«በዚህ ብቻ አይደለም። የማሽኑን ማውዝ ላብራቶሪ ልኬ መልሱ በስልክ መጥቶልኛል፤ አሻራህ አለበት። አልነካሁም ያልከኝ ግን አንተው ነህ። አሁን ወደ ምክንያቱ እንምጣ። አንተ ንገራቸው» አለች ወደ ወንድምየው ዞራ።

ወጣቱ ቀና ሳይል ተናገረ። «ሲዘጋ ሁሉን የሚረሳ ሥውር ገጽ አለን። ሰው በሽታውን፣ ጭንቀቱን፣ ከቤቱ የሚሸሽበትን መንገድ የሚፈልግበት ነው። በአራተኛው እትም ግን አይረሳም። ሲከፈት መልሶ ያሳያል። አንዲት ተጠቃሚ ገና እንደወጣ ጽፋለች፤ "ስለ ኤክሷ አይደለም፣ የዘጋሁት ተመልሶ መጣ፣ ባሌ ሊያየው ይችላል" ብላ። ወንድሜ "አመሰግናለሁ፣ እያየሁት ነው" ብሎ መልሶላታል። ይሄን ክፍል "ተፈትኗል" ብሎ የፈረመው...» አልጨረሰውም።

«ሳይፈትን የፈረመው አንተ ነህ» አለች መርማሪዋ ፈታሹን እያየች። «እዚህ ቤት ደግሞ የተደበቀ ነገር የለም፤ ስሕተቱም፣ የተሳሳተውም ሰው ስም ለዓለም ይጻፋል። ባለማኅተሙ እትሙን ሊመልስ፣ ስሙንም ሊጽፍ ነበር። በረንዳው ላይ ጠርቶ ነገረህ፤ አንተም ገፍተህ ጣልከው። ከዚያ አንተ ተመልሰህ ወንበሩ ላይ ተቀመጥክና ስሕተቱን ለሙት ሰጠኸው። ሚስቱ ቤት ሆና እንደምትጠብቀው የማያውቅ ባልደረባ ስላልነበረ «አትጠብቂኝ» የምትለዋንም መስመር ጨመርክበት።»

ሠዓሊዋ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። ከማሽኑ ሌላ አስተያየት ገባ፤ ያየው አልነበረም።

መርማሪዋ ወደ ሚስቲቱ ዞረች። «ጥሎሽ አልሄደም እህቴ።»

ሴትየዋ ለረጅም ጊዜ ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ከበሩ ተነሥታ ፈታሹ ፊት ድረስ ሄደች። አልጮኸችም፤ አልረገመችውም።

«አንድ ነገር ብቻ» አለችው። «ዘበኛው እስኪያገኘው ድረስ ታች ብቻውን ነበር። አንተ እዚህ ተቀምጠህ ስትጽፍ እሱ ይተነፍስ ነበር? በረንዳው ላይ ወጥተህ ወደ ታች አይተሃል?»

ፈታሹ የሸሚዙን እጅጌ አስተካከለ፣ ቁልፉን ቆለፈ፣ ቀና ብሎ አያት።

«እሱን አላብራራም» አለ።

«ለኔ ብቻ።»

«ላንቺም አላብራራም።»