ሬይንኮት፣ ሁለት ጭብጨባ

ወርቅአፈራሁ የዐሥራ አንድ ዓመት ልጅ ናት። ቤቷ ደሴ፣ ከጦሳ ተራራ ሥር ነው። ዘመኑ የደርግ ነበር፤ በትምህርት ቤቷ ጠዋት መፈክር ይባላል፣ ከዚያ እንግሊዝኛ ይቀጥላል። እናንተ ከኋላ ያላችሁት፣ ሽምብራውን ዋጡና ስሙኝ።

በእንግሊዝኛ የሚስተካከላት አልነበረም። ኋላ ዘይቱና ከቢስቲማ መጣች፤ አክስቷ እትዬ መዲና ዘንድ ልትማር። «ትምህርቱን ካልቻልሽው ወደ አባትሽ ነሽ» ብለዋታል። የእንግሊዝኛው መምህር ቀለሙ ግን ስታነብ ሰምተው «ጎበዝ» አሏት። በቃ፣ የወርቅአፈራሁን ሆድ ቅናት በላው።

መምህሩ በየቀኑ አንድ ተረኛ የእንግሊዝኛ ቃል እንደ ድምፁ ከፋፍሎ በክፍሉ ፊት እንዲያጨበጭብ ያዛሉ። «ነገ ተረኛዋ እኔ ነኝ» አለቻት ዘይቱና በእረፍት ሰዓት። «ሬይንኮትን እንዴት ከፋፍዬ ላጨብጭበው?»

ወርቅአፈራሁ ታውቃለች። ሬይን ዝናብ ነው፤ ኮት ያው የእኛው ኮት ነው፤ ሲጋጠሙ የዝናብ ልብስ ይሆናሉ። ጭብጨባው ሁለት ነው፤ ሬይን ላይ ጠንከር፣ ኮት ላይ ለስለስ።

«በየፊደሉ ነዋ» አለቻት።

በማግስቱ ዘይቱና «ሬ፣ ይ፣ ን፣ ኮ፣ ት» እያለች አምስቴ አጨበጨበች።

«አምስት ኮት ደረበች» አለ ጀላል የሚባል የክፍሉ ልጅ። ክፍሉ ሳቀ።

«ማን ነው እንዲህ ያስጠናሽ?» አሉ መምህሩ።

ዘይቱና ወርቅአፈራሁን አየቻት። «ራሴ ነኝ» አለች።

ልጆች፣ ለወርቅአፈራሁ ከዚህ የሚብስ ጥፊ የት አለ?

በነጋታው ዘይቱና ከትምህርት ቤት ቀረች። ወርቅአፈራሁ ምሳዋን ትታ በዝናብ ወደ እትዬ መዲና ቤት ሮጠች። አክስቷ የክፍሉን ሳቅ ሰምተው ወደ አባቷ ሊልኳት ነው፤ የዘይቱና ልብስ ተጠቅልሎ በሩ ላይ ተቀምጧል።

«እትዬ፣ አይስደዷት። እያወቅሁ ያሳሳትኳት እኔ ነኝ።»

«ምን አድርጋሽ?»

«ምንም። ቀንቼ ነው።»

እትዬ መዲና በሩን ከፈት አደረጉላት። «ወላሂ፣ እውነቱን ተናገርሽ። ግቢ፣ በስብሰሻል። ለክፍሉም ግን ራስሽ ትነግሪያለሽ።» ጥቅሉን ፈቱት።

በማግስቱ ወርቅአፈራሁ በክፍሉ ፊት ጥፋቷን ተናግራ ዘይቱናን ይቅርታ ጠየቀች። ከዚያ ዘይቱና ተነስታ ሬይንኮትን ሁለቴ አጨበጨበች፤ የሳቀ የለም። ሲወጡ ይዘንባል። ሬይንኮት እንኳ ሁለቱም የላቸውም። ዘይቱና ሻርፗን ዘረጋችና «ነይ፣ ግቢ» አለቻት።

ልጆቼ፣ የምታውቁትን ለጓደኛችሁ ሳታጣምሙ ስጡ፤ ቀንታችሁ ከበደላችሁም፣ እግዚአብሔር ይቅር እንዲላችሁ፣ በመጀመሪያ የበደላችሁትን ሄዳችሁ ይቅርታ ጠይቁ።