ሁሉም የተስማሙበት ከተማ

የሸዋረገድ አስከሬን የተገኘው ፋርመርስ ብራንች በምትባል የአሜሪካ ከተማ ውስጥ፣ የእግረኛ መንገድ በሌለው አስፋልት ዳር፣ የአንድ ቢሮ አጥር ሥር ነበር። ረቡዕ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ። በፈረንጆቹ የ2008 ሐምሌ ነው፤ ሙቀቱ በፋራናይት መቶ ሦስት ዲግሪ ገብቷል። ፖሊስ አየ፣ ሐኪም መረመረ፣ የታመመ ልቧ ሙቀቱን አልቻለም ተባለ። ፋይሉም ተዘጋ።

ለቤተሰቡ ግን አልተዘጋም። ሸዋረገድ መኪና አትነዳም። አሜሪካ በኖረችበት አሥራ ሁለት ዓመት ሰው ሳይወስዳት የትም ደርሳ አታውቅም። ታዲያ ከቤቷ ሦስት ማይል ርቃ ምን ትሠራለች? ማን ወሰዳት? ማንስ ጥሏት ሄደ?

በቀብሩ ማግስት ልጇ ልዩ፣ ወይዘሮ ተዋበች ዘንድ ሄደች። ተዋበች አዲስ አበባ ሃያ ሁለት ዓመት ወንጀል ስትመረምር የኖረች ሴት ናት፤ አሁን ዲኤፍደብሊው አውሮፕላን ማረፊያ ለአቅመ ደካማ መንገደኞች ዊልቸር ትገፋለች። ማዕረጓ እዚያው ቀረ እንጂ ዓይኗ አብሯት መጥቷል።

«እትዬ፣ አጎቴ ጋሼ አሻግሬ ‹እናትሽን የገደልሻት አንቺ ነሽ› አለኝ» አለች ልዩ። «ለቅሶ ላይ፣ ሰው ሁሉ ፊት። ሶ፣ እውነቱን እንዲያገኙልኝ ነው የመጣሁት።»

«በምን ገደልሻት አለ?»

«በመንገር።»

ነገሩ እንዲህ ነው። የሸዋረገድ እህት ዓለምጌጥ ጀርመን አገር ኮሎኝ ትኖር ነበር። ሸዋረገድ ከመሞቷ ከስድስት ቀን በፊት እዚያው አረፈች። ወሬው የደረሰው ለወንድማቸው ለአሻግሬ ነው። ለልብ በሽተኛ መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ዘመድ ከሂዩስተንና ከዋሽንግተን ይምጣና ቅዳሜ ሲነጋጋ፣ ሰው ከቧት ትርዳ ተባለ። ባሏ ሀብቴም ተስማማ። ልዩ ብቻ አሁኑኑ ይነገራት ብላ ተከራክራ ነበር። ቅዳሜ ሳይደርስ ረቡዕ መጣ።

«ነገርሻት?»

«አልነገርኳትም። ማለቴ፣ ልነግራት ፈልጌ ነበር፤ ግን ፕሮሚስ አድርጌ ነበር።»

«እሺ። ብትነግሪያትም ባትነግሪያትም አገኘዋለሁ። ያኔ እንዳትቀየሚኝ» አለች ተዋበች።

ሀብቴን ያገኘችው ግሬፕቫይን ከተማ፣ የእንግዳ ማመላለሻ ቫን የሚነዳበት ሆቴል በር ላይ ነው። ሰውየው በሳምንት ውስጥ አሥር ዓመት አርጅቷል።

«ደስ ብሏት ነበር እኮ» አለ። «እሑድ ዕለት ከተማውን መርጣ ጨረሰች። ሁላችንም ኦኬ አልናት።»

«የምን ከተማ?»

እህትማማቾቹ አሥራ ሁለት ዓመት አልተያዩም። በነሐሴ አውሮፓ ውስጥ አንድ የባሕር ዳር ከተማ ሊገናኙ ቆርጠው ነበር። ሁለቱም መኪና አይነዱም፤ ዓለምጌጥ በዚያ ላይ ጉልበቷን ታማለች። ስለዚህ ከተማው ሜዳ መሆን አለበት፤ ዳቦ ቤቱም ባሕሩም በእግር የሚደረስበት። ማንንም ውሰዱኝ ሳትል ከቤት ወጥታ ባሕር ማየት፣ የሸዋረገድ ምኞት ይኸው ነበር። ሀብቴ ቪያሬጆ ይላል፣ አሻግሬ ሪሚኒ ይላል፣ ልዩ ከኢንተርኔት ገጽ በገጽ እያተመች ታመጣለች። አራት ወር ሙሉ፣ አንዱ የመረጠውን ሌላው ሳያጣጥል ያለፈ እሑድ የለም። ባሕሩን አንዳቸውም አላዩትም፤ ክርክሩ ግን እዚያው ተወልደው ያደጉ ያስመስላቸዋል።

«በመጨረሻ የተመረጠው የቱ ነው?»

«ፖሲታኖ።»

«ስትሞት ምን ለብሳ ነበር?»

«ነጠላዋን። ቤተ ክርስቲያን ልትሄድ ይሆናል።»

«በረቡዕ፣ ያለ መኪና?» አለች ተዋበች። ፖሊስ ለሀብቴ የመለሰውን የሟችን ዕቃና አስከሬኑን ለመለየት የሰጠውን ፎቶ ተቀብላ ሄደች።

አሻግሬ የመጋዘን ሠራተኛ ነው፤ ሐዘኑን በቁጣ የሚወጣ ሰው።

«ልጅቷ ናት የነገረቻት። እዚህ ያደገ ልጅ ምን ወግ ያውቃል? እኛ ዝም አይነቅዝም ብለን አፋችንን ያዝን፤ እሷ አልቻለችም።»

«ከእሑድ በኋላ እርስዎ እህትዎን አይተዋታል?»

«አላየኋትም። በምን ፊቴ? ካየችኝ ታውቅብኛለች።»

«ስትደውልስ?»

አሻግሬ ወደ መሬት አየ።

እሑድ ረፋዱ ላይ ተዋበች ሦስቱን ሀብቴ ሳሎን ሰበሰበች። ጠረጴዛው ላይ የሟችን ቀሚስ፣ ፎቶውን፣ የታጠፈ ወረቀትና ስልኳን አስቀመጠች።

«ከቀሚሱ ልጀምር» አለች። «ጠርዙን ዙሪያውን ጭጎጎት ይዞታል፤ ጫማዋም ውስጥ አለ። መኪና ውስጥ ጭጎጎት የለም። ሸዋረገድ ሦስቱን ማይል የሄደችው በእግሯ ነው፤ የእግረኛ መንገድ ስለሌለ በሣሩ ላይ። ማንም አልወሰዳትም፣ ማንም አልጣላትም።»

«ወዴት ስትሄድ?» አለ ሀብቴ።

«እደርስበታለሁ። ፎቶውን ልብ ብላችሁ እዩት። ፈረንጆቹ ነጭ ጨርቅ ነው ያዩት። ጥለቱ የት ነው ያለው?»

አሻግሬ ጎንበስ ብሎ አየ። ጥለቱ ወደ ላይ ዞሮ አንገቷ ሥር አርፏል። ፊቱ ተለዋወጠ።

«አዘቅዝቃ ነው የለበሰችው» አለ ቀስ ብሎ።

«አዎ። ሐዘንተኛ ሆና ነው ከቤት የወጣችው። እህቷ መሞቷን አውቃለች።»

«ይኸው! አላልኩም?» አለና አሻግሬ ወደ ልዩ ዞረ።

«ይቀመጡ፣ አቶ አሻግሬ። ስልኳን አይቼዋለሁ። ከእሑድ እስከ ረቡዕ አንድም ሰው አልደወለላትም። አቶ ሀብቴ ደብል ሺፍት እየሠራሁ ነው ብለው ሌሊት ወጥተው ሌሊት ይገባሉ፤ እርስዎም፣ ልዩም ደጇን አልረገጣችሁም። ሦስታችሁም ፊታችን ያሳብቅብናል ብላችሁ ሸሻችኋት። የነገራት የለም።»

«ታዲያ በምን አወቀች?»

ተዋበች ወረቀቱን ዘረጋች። ልዩ በመጋቢት ያተመችው ነው፤ ፖሲታኖ ከሚለው ስም ጎን በሸዋረገድ እጅ አንድ ነገር ተጽፏል። ተዋበች አነበበችው።

«‹ደረጃ ብቻ። ለዓለም ጉልበት አይሆንም።› ይህን ከተማ ገና በመጋቢት የጣለችው ራሷ ናት። እናንተም ይህን ታውቃላችሁ። ወሬው ከመጣ በኋላ ግን በየሰበቡ ዓይኗን መሸሽ ጀመራችሁ። እሷ ደግሞ ሞኝ አልነበረችም። እሑድ ዕለት እናንተን ሰብስባ ፖሲታኖ ይሁን አለች። አንዳችሁ እንኳ ‹የዓለምጌጥ ጉልበትስ?› ቢል፣ እህቴ በሕይወት አለች ብላ ታምን ነበር። አራት ወር የተጨቃጨቃችሁ ሰዎች ጥሩ ነው ብላችሁ ወደ ቤታችሁ ገባችሁ። ያኔ ተረዳች።»

ሀብቴ እጁን አፉ ላይ ጫነ። እሺ ብሎ ቀድሞ ራሱን የነቀነቀው እሱ ነበር።

«ሶ፣ እኔ አይደለሁም» አለች ልዩ። ድምጿ እፎይ ለማለት ሞከረ፣ አልሆነለትም። «እትዬ፣ እኔ አልገደልኳትም አይደል?»

ተዋበች በሥራ ዘመኗ ብዙ ሰው ነጻ አውጥታለች። እንዲህ ያስጠላት ግን የለም።

«አልነገርሻትም። ረቡዕ ከአራት ሰዓት ጀምሮ ሸዋረገድ ለባሏ ደወለች፣ ለወንድሟ ደወለች፤ አላነሱም። ለአንቺ ሦስት ጊዜ ደወለች።»

«ሥራ ላይ አልነበርኩም» አለች ልዩ። «ኦፍ ነበርኩ። ስልኬ ላይ ‹ማሚ› ሲል እያየሁት ነበር። ካነሳሁት እነግራታለሁ ብዬ ፈራሁ።»

«ብቻዋን ሦስት ቀን ያህል አለቀሰች እንበል፤ ከዚያ በላይ አልቻለችም። እውነቱን ንገሩኝ ብላ የምታለቅስበት ሰው ፈለገች። ከተገኘችበት ቦታ እስከ አንቺ አፓርታማ ስንት ነው?»

ግማሽ ማይል አይሞላም። አሻግሬ ተነሥቶ ወደ ልዩ አንድ እርምጃ ሄደ።

ጠረጴዛው ላይ ያለው የሸዋረገድ ስልክ ጠራ። ከአዲስ አበባ ነው። የሸዋረገድ፣ የዓለምጌጥና የአሻግሬ እናት፣ የሰማንያ ስድስት ዓመቷ እማማ፣ ድምፅ ሲጠፋባቸው ራሳቸው ደወሉ። የሁለቱንም ሴት ልጆቻቸውን ሞት እስካሁን የነገራቸው የለም።

ሀብቴ ፊቱን አዞረ። አሻግሬ «አሁን አይሆንም፣ ልባቸው አይችልም» አለ፤ ቃሉ ከአፉ ሲወጣ ራሱም ሰማው።

ልዩ አነሳችው።

«እማማ፣ ልዩ ነኝ።»

«ልጄ፣ ምነው ጠፋችሁ? ሸዋዬ ደህና ናት?»

ልዩ አባቷን አየች፤ አጎቷን አየች፤ ተዋበችን አየች። ማንም አልረዳትም።

«ደህና ናት» አለች።

«ተመስገን። እንግዲህ ከዓለሜ ጋር ሲገናኙ ሁለቱንም ባንድ ላይ አገናኚኝ። ድምፃቸውን ባንድ ላይ ልስማው።»

«እሺ፣ እማማ» አለች ልዩ።