ያልተደገመው ስፌት

ሟቿ ለኮንሰርቱ የለበሰችው ሁሉ ታስቦበት ነበር፤ ከጫማዋ በቀር።

መርማሪዋ ከደረጃው ግርጌ ተንበርክካ ልጅቷን ለረጅም ጊዜ አየቻት። መርማሪዋ ሃምሳ ዓመት ያለፋት፣ ዘወትር ዝቅ ያለ የጎማ ሶል ጫማ የምታደርግ ሴት ናት። የጣቢያው ሰዎች ከኋላቸው ደርሳ ስለምታስደነግጣቸው «ኮቴ የለሽ» ይሏታል፤ እሷ እንደ ሙገሳ ትቆጥረዋለች።

ሟቿ የሃያ ሰባት ዓመት ወጣት ነበረች። አባቷ ከታች ጫማ ይሠራል፤ ቤተሰቡ ከላይ ይኖራል፤ ሁለቱን የሚያገናኘው በውጭ በኩል ያለው የሲሚንቶ ደረጃ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከዚያ ወድቃ ተገኘች። ሰፋ ያለ የጥጥ ሸሚዝና ጂንስ ለብሳለች። ማታ ለሚመጣው ብርድ ጃኬት ወገቧ ላይ አስራለች። ትንሽ ቦርሳ ደረቷ ላይ በአግድም ወርዷል፤ ውስጡ ውሃ፣ የታጠፈ የዝናብ ልብስ፣ ለጆሮ የሚሆን ጥጥ። እግሯ ላይ ግን ቀጭን ባለ ታኮ ቀይ ጫማ ነበር።

«ለጆሮዋ ጥጥ የያዘች ልጅ» አለች መርማሪዋ፤ «ስድስት ሰዓት ሙሉ ሜዳ ላይ በዚህ ልትቆም?»

«እጮኛዋ አስገድዷት ነው» አለ የሰፈሩ ፖሊስ። «ደረጃው ላይ ሲጨቃጨቁ ጎረቤት ሁሉ ሰምቷል። ገፍቷታል። ይዘነዋል፤ ሰኞ ጠዋት ፍርድ ቤት ይቀርባል።»

እጮኛው የድምፅ ማጉያ ባለሙያ ነው። በጣቢያው ወንበር ላይ የኮንሰርቱን የሥራ ባጅ አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ተቀምጧል።

«ቀዩን ጫማ የገዛኸው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ። ከመድረክ ጀርባ ከአለቆቼ ጋር ላስተዋውቃት ነበር። ያቺን ሸራ ጫማዋን አድርጋ ብቅ አለች። ‹ተራራ ልትወጪ ነው?› አልኳት። ‹አንተ እዚያ ተቀምጠህ ቁልፍ ትነካካለህ፤ ቆሜ የምሰማው እኔ ነኝ› አለችኝ።»

«ከዚያስ?»

«‹እንዲህ ሆነሽ ከመጣሽ አላውቅሽም› ብያት የቀዩን ጫማ ካርቶን ደረጃው ላይ ጥዬ ሄድኩ።» ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። «ለእሷ የነገርኳት የመጨረሻ ቃል ይሄ ነው። እሰሩኝ፤ ምን ቸገረኝ።»

መርማሪዋ ብዙ ገዳይ አይታለች። ለመታሰር እንዲህ የቸኮለ ግን አይታ አታውቅም።

እሑድ ጠዋት ወደ ሟቿ ቤት ተመለሰች። ላይኛው ፎቅ ላይ እናትየው የልጇን ልብስ እያጠፈች ነበር፤ የሟቿ ታናሽ እህት አልጋው ጫፍ ላይ ኩርምት ብላለች። መስታወቱ ላይ ወረቀት ተለጥፏል፤ ኮፍያ፣ ውሃ፣ ጃኬት፣ ወፍራም ካልሲ ይላል።

«እሷ ናት የጻፈችው» አለች ታናሽየዋ። «‹ሰው ኮንሰርት የሚጠላው በእግሩ ምክንያት ነው› ትላለች። ሁለት ሳምንት ሙሉ ሸራ ጫማውን ቤት ውስጥ ስታለማምደው ከረመች። እኔም ‹ጫማ ነው ባል የምታለማምጂው?› እያልኩ...» ሳቋ መሃል ላይ ቀረ።

«ሸራ ጫማው የት ነው?»

«እኔ እንጃ» አለች እናትየው፣ የተጠየቀችው ታናሽየዋ ሆና ሳለ።

መርማሪዋ የሟቿን መሳቢያ ሳበች። ካልሲዎቹ ጥንድ ጥንድ እየተጠቀለሉ እንቁላል መስለዋል። አንዱን ጥንድ ፈታ አየችው፤ አሸተተችው፤ መልሳ አስቀመጠችው።

«ካልሲ የሚያጥፈው ማነው?»

«እማዬ ናታ። እኔማ ሁለቱን እግር ካገኘሁ የዚያን ቀን ድል ነው።»

ታች ስትወርድ አባትየው በርጩማው ላይ ተቀምጦ ወስፌውን ይዟል። ሥራ ሊሠራ አይደለም፤ እጁ ሌላ መሄጃ ስለሌለው ነው። ፊት ለፊቱ ቆመች። ቀና አላለም። እስክትናገር ድረስ መኖሯን አላወቀም።

«መደርደሪያዎን ልይ?»

«እይ። አርባ ዓመት የሠራሁበት ነው» አለ፤ ድምፅዋ ከመጣበት ትንሽ ወደ ጎን እየተመለከተ። «እጄ ገና ደህና ነው።»

እሷም ጫማዎቹን አንድ በአንድ ገልብጣ አየች። ብዙ ጊዜ ፈጀባት።

አሥር ሰዓት ላይ ሁሉም ሱቁ ውስጥ ተሰበሰቡ፤ አባት፣ እናት፣ ታናሽ እህት፣ በፖሊስ ታጅቦ የመጣው እጮኛ።

«ይህች ልጅ በቀዩ ጫማ አልወደቀችም» አለች መርማሪዋ። «የጂንሷ ጫፍ ለዝቅተኛ ጫማ ታጥፎ ተሰፍቷል። ቁርጭምጭሚቷ ላይ የካልሲ ላስቲክ ምልክት አለ፤ ቀዩ ጫማ በካልሲ አይደረግም። ተረከዟ ላይ ፕላስተር ለጥፋለች፤ ቀዩ ጫማ ግን ኋላው ክፍት ነው፣ እዚያ ጋ አይነካትም። ሦስተኛው ደረጃ ጠርዝ ላይ ደግሞ የጥቁር ጎማ ጭረት አለ። የቀዩ ሶል ቆዳ ነው።»

«ታዲያ ማን ቀየረላት?» አለ ፖሊሱ።

«ካልሲውን ያጠፈው ሰው። መሳቢያዋ ውስጥ ያገኘሁት አንድ ጥንድ የተለበሰ ነው፤ የፕላስተሩ ቁራጭ ውስጡ ተጣብቋል። ግን ተጠቅልሎ ከታጠቡት ጋር ተቀምጧል። ያ ሰው በዚያች ሰዓት እንኳ ካልሲ ሳያጥፍ መጣል አልቻለም።»

እናትየው መሬት ላይ ዘጭ አለች።

«ለምን?» አለ አባትየው። «ለምንድነው የምትቀይሪው?»

 መርማሪዋ ከመደርደሪያው አንድ ሸራ ጫማ አነሳች። እንዳይለይ የሌላ ደንበኛ ቁጥር ተለጥፎበታል። ሶሉ ከፊት በኩል እንደ አፍ ተከፍቷል። ዝም ብትል ይህ ሽማግሌ ምንም ሳያውቅ ይኖራል፤ እጮኛው ግን ነገ ይከሰሳል። ጫማውን በአባትየው እጅ ላይ አስቀመጠችው።

ጣቱ ስፌቱን ተከትሎ ሄደ። ክሩ ከጠርዙ ስቶ የወጣበት ቦታ ላይ ቆመ።

«የኔ ነው» አለ። «ባለፈው ሳምንት የሰፋሁላት።»

«ስደርስ ትንፋሿ ወጥቶ ነበር» አለች እናትየው። «አንተ እዚህ መዶሻህን ትመታለህ፤ አልሰማህም። ይሄን ካወቅህ ትሞትብኛለህ ብዬ... ታኮው ጣላት ይባላል፣ በዚያው ያልቃል ብዬ ነው። እሱን ሲይዙት አፌ ተያዘ።» ወደ እጮኛው ዞረች። «ልጄ፣ በድዬሃለሁ።»

«እማማ፣ ቢነግሩኝ እኔም ዝም እል ነበር» አለ።

አባትየው ጫማውን አልለቀቀም።

«እንዲህ ከሰፋሁ፣ የደንበኞቹስ? አንድም ሰው ተመልሶ አልመጣም እኮ።»

መርማሪዋ መልሱን ታውቃለች፤ ግን የምትናገረው እሷ እንዳልሆነች ገባት። ታናሽየዋን አየቻት።

«አባዬ፣ አንተ ለምሳ ስትወጣ እህቴ ትደግመው ነበር» አለች ልጅቷ። «ዓይንህ ከደከመ ጀምሮ፤ አንድ ዓመት ከምናምን። በአንተ ስፌት ላይ ሌላ ስፌት። እንዳይታወቅብህ ክሩንም አንድ ዓይነት ታደርገው ነበር።»

ሽማግሌው መደርደሪያው ወዳለበት እጁን ዘርግቶ ያገኘውን ጫማ ዳሰሰ። ሁለት መስመር። ሌላ አነሳ። ሁለት መስመር። ከዚያ ወደ ሸራ ጫማው ተመለሰ።

«የራሷንስ?»

«‹ያንቺንም ድገሚው እንጂ› ብያት ነበር። ‹ለኔ የሰፋውንስ አልነካም፤ የአባዬ እጅ ይበቃኛል› አለችኝ።»

 ሽማግሌው መሳቢያውን ዳብሶ መርፌና በሰም የተለወሰ ክር አወጣ። ክሩን ሊያስገባ ሞከረ። ደግሞ ሞከረ።

«አይታየኝም» አለ፤ ይህን ቃል ከአፉ ሲያወጣ የመጀመሪያው ነበር። «ነገ በዚህ ነው የምትቀበረው። ማነው ክሩን የሚያስገባልኝ?»

የእናትየው ዓይን በእንባ ተሞልቷል፤ የታናሽየዋም። እጮኛው ጎንበስ ብሎ መርፌውን ተቀበለና ክሩን አስገባለት። ሽማግሌውም መስፋት ጀመረ፤ እጮኛው ወስፌው የሚያርፍበትን ቦታ በጣቱ እያሳየው።

«ጫማው ፍርድ ቤት የሚቀርብ ኤግዚቢት አይደለም እንዴ?» አለ ፖሊሱ በሹክሹክታ።

ኮቴ የለሽ የደንበኞቹን በርጩማ ስባ ተቀመጠች።

«ነው» አለች። «ሰፍቶ ይጨርስ።»